ከሰባቱ ሲዲዎች ጋር የመጣው ደብዳቤ

እሴት ጉርሜሳ በእናቷ ቀብር ላይ አላለቀሰችም።

ይህንን ጭሮ ከተማ ውስጥ ያላየ ወይም ያላወራ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ተሾመች ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሲያርፉ ድንኳኑ ሞልቶ፣ የአጥቢያው ዘማሪዎች በኦሮምኛም በአማርኛም እየዘመሩ ሲያለቅሱ፣ አንድያ ልጃቸው እሴት ወንበር ስታቀብል፣ ውሃ ስታድል፣ ለመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስትል ዋለች። «ጠንካራ ልጅ ናት» አሉ ወንዶቹ። «ምን ጠንካራ ናት፣ ደንዝዛ ነው እንጂ» አለች ጎረቤታቸው ፈለቀች። ልክ የነበረችው ፈለቀች ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሴት ምንም አይሰማትም። ሰው ሲያጫውታት ትሰማለች፣ ሲስቁ ትስቃለች፣ ከበር ስትወጣ ግን ምን እንደተባለ አታስታውስም። ጠዋት ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ሥራ ባይኖራት ኖሮ ከአልጋዋ የምትወርድበት ምክንያት አልነበራትም። ሥራዋ ደግሞ አባቷ ወንጌላዊ ጉርሜሳ በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለከተማው ወጣቶች ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ስምንት ኮምፒውተሮች አሏት። ስምንቱም ሌላ ቦታ አገልግለው፣ ሌላ ቦታ አርጅተው የመጡ ናቸው።

ሞገስ እንዳሻው የሚባለውን ሰው ያወቀችው በእነዚህ ኮምፒውተሮች ሰበብ ነበር። እናቷ ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስምንቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቫይረስ ገባባቸው። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፋይል ይጠፋል፤ ተማሪዎቹ ፊደል በፊደል ሲለቅሙ የሰነበቱት ጽሑፍ ድራሹ አይገኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ ልጅ አለ ተባለና ተጠራ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ፣ ሲስቅ ግን ቀና ብሎ ዓይን ዓይን የሚያይ ሰው ነበር። ከቦርሳው አንድ ሲዲ አወጣ።

«ይሄ ሊኑክስ ይባላል። ያስቸገሩሽ ቫይረሶች ይህንን አይነኩትም» አላት። «ፊቱ ምን ይምሰል የሚለውን ግን አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

«የምን ፊት?»

«ዴስክቶፑን ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊትሽ የሚመጣው። እስከ ዛሬ የሰጡሽን ነው የተቀበልሽው። እዚህ ግን ምርጫው ብዙ ነው።»

ሦስት ዓይነት በየተራ አሳያት። ጂኖም የሚባለው የተረጋጋ ነው፤ ሁሉ ነገር በቦታው ሆኖ ይጠብቃል። ኬዲኢ የሚባለው ያብረቀርቃል፤ የሚነካካው ነገር ብዙ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ሲከፈት ያቃስታል። ሦስተኛው ኤክስኤፍሲኢ ጌጥ የለውም፤ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሌለውን ኮምፒውተር አያስጨንቅም።

«ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» አለችው።

«ጀማሪው የወደደው።»

«በቃ አንተ ምረጥልኝ።»

«ፊቱ የምቀመጠው እኔ አይደለሁም» አለና ሳቀ፤ ሲስቅም ቀና ብሎ አያት።

እሴት ምን እንደምትማር አባቷ፣ በየትኛው መዘምራን እንደምትዘምር እናቷ የመረጡላት ልጅ ነበረች። በሃያ አምስት ዓመቷ «አንቺ ምረጪ» ብሎ አፍጥጦ የጠበቃት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሳምንት ሙሉ ሦስቱንም ስትሞክር ሰንብታ ቀላሉን መረጠች። «ለምን?» ሲላት፣ «በጣም ያረጀው ኮምፒውተር በእሱ ብቻ ነው ሳይንገዳገድ የሚነሳው፤ አሳዘነኝ» አለችው። ሞገስ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። እሴት ያን ቀን ቤቷ የገባችው ጉንጮቿ እየጋሉ ነው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ጀመረ። በዚያ ዘመን የጭሮ ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚመጣ ነበር። አንድ ፕሮግራም ለማውረድ ከጠዋት እስከ ምሳ መጠበቅ ነው፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ መስመሩ ይቆረጥና እንደገና ከዜሮ። ስለዚህ ሞገስ ከሁሉ በፊት ማስቀመጥን አስተማራት። ፕሮግራሞቹ ፓኬጅ በሚባል ፋይል ታሽገው ይመጣሉ፤ ከተጫኑም በኋላ የታሸገው ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

«እሱን ሲዲ ላይ ከገለበጥሽው ለቀሩት ሰባት ኮምፒውተሮች እንደገና አታወርጂም» ይላታል። «ግን ብቻውን እንዳትወስጂው። አንዱ ሌላውን ካላገኘ አልጫንም ይላል። አብረውት የመጡትን ሁሉ አብረሽ አስቀምጪ።»

እሷም አንድ ሳታስቀር ታስቀምጣለች። ወንጌላዊ ጉርሜሳ በበሩ ሲያልፉ «ፓኬጅ፣ ፓኬጅ ስትሉ የጤና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ መስሎኝ ነበር» እያሉ ያስቋቸዋል። መስመሩ እስኪመጣ ሲጠብቁ ያወራሉ፤ መስመሩ መጥቶም ያወራሉ። ፍቅሩ በየትኛው ቀን እንደጀመረ ሁለቱም ቢጠየቁ አያውቁም።

ችግሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጽ ነበር። ሞገስ የኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ ነው። አባቱ ቄስ እንዳሻው በአሰቦት አካባቢ የታወቁ፣ ቃላቸው የሚፈራ አገልጋይ ናቸው። እሴት ደግሞ የወንጌላዊ ልጅ። ጥር ላይ ሞገስ ደፍሮ ለአባቱ ነገራቸው። «የጴንጤ ልጅ ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። ወንጌላዊ ጉርሜሳም ሰምተው፣ እንደ ቄሱ ባይቆጡም፣ «ጨዋ ልጅ ነው። ግን የእኛ አይደለም» ብለው ነገሩን ዘጉት። በየካቲት ወር መሥሪያ ቤቱ ሞገስን ወደ ድሬዳዋ አዛወረው። ሊሰናበታት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ ነገር እንድትለው ጠበቃት። እሴት ቃል ፈለገች። ውስጧ ባዶ ቤት ነበር።

«መልካም መንገድ» አለችው።

ሞገስ ፊቷን አየ፤ መሬቱን አየ፤ ሄደ። እሷም በሩ ላይ እንደቆመች፣ ማዘን እንዳለባት እያወቀች፣ ሐዘኑ ግን የት እንዳለ ጠፍቷት ቀረች።

* * *

መጋቢት መጨረሻ ላይ በጭሮና በድሬዳዋ መካከል የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር አብዱላሂ ከድሬዳዋ ዕቃ አመጣ። አባቷ ተቀብለው ሰጧት። በላስቲክ የታሰሩ ሰባት ሲዲዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በሞገስ እጅ ጽሑፍ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

እሴት ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የከፈተቻቸው ለመጫን አልነበረም። ከፓኬጆቹ መሃል ለእሷ የተጻፈ አንድ ቃል ፍለጋ ነው። የፋይሎቹን ስም ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ሰባቱንም። የፕሮግራም ስምና ቁጥር፣ የፕሮግራም ስምና ቁጥር። ሲያልቅ ሲዲዎቹን መልሳ በላስቲኩ አሰረቻቸው። «ለክፍሉ ነው የላከው፤ ለእኔ አይደለም» ብላ አሰበች። ቢያማት ጥሩ ነበር። አላመማትም።

ግንቦት ሲገባ ከገለምሶ ጂሬኛ የሚባል የቡና ነጋዴ፣ በእምነትም የእነሱ ወገን የሆነ፣ ደህና ሰው፣ ሽማግሌ ሊልክ ፈቃድ ጠየቀ። አባቷ ሲነግሯት እሴት ዕቃ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «እሺ» አለች። ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ግንቦት አሥር ተቀጠሩ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወንጌላዊ ጉርሜሳ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል መጡ። እሴት ሰኞ ለሚጀምሩት አዲስ ተማሪዎች ከሰባቱ ሲዲዎች እየጫነች ነው። ስክሪኑ ላይ የሦስቱ ዴስክቶፖች ስም ተደርድሮ አንዱን ምረጪ ይላል። አባቷ ከኋላዋ ቆመው አዩት።

«የትኛውን ልታደርጊው ነው?»

«የመጣው ይሁን፣ አባዬ።»

«አንድ ሳምንት ሙሉ የሞከርሽበት ነገር አልነበር እንዴ? ያኔ ራት ላይ እንኳ እሱን እያወራሽ አስቸግረሽን...»

«ያኔ ነው። አሁን ልዩነት የለውም።»

ወንጌላዊ ጉርሜሳ የተማሪ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ በአንድ ጊዜ አርጅተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ፤ መልሰው ባዶውን አወጡት፤ እንደገና ከተቱ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሏት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «ስለ ጂሬኛ ስነግርሽ እሺ አልሽኝ። ጨው አልቋል ብዬሽ ቢሆን ኖሮም እንደዚያው ነበር እሺ የምትይኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለመቶ ሰው ጋብቻ ባርኬያለሁ። እንደዚያ ያለ እሺ ሰምቼ አላውቅም።»

ከኪሳቸው አንድ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጠርዙ ተጎሳቁሏል። «ለእሴት» ይላል፤ ከሲዲዎቹ ላይ ያለው እጅ ጽሑፍ ነው።

«አብዱላሂ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሰጠኝ። ሲዲዎቹ የክፍሉ ናቸው ብዬ ሰጠሁሽ። ይሄንን ያዝኩት። አልከፈትኩትም። ግን አልሰጠሁሽም።»

«ለምን?» አለች እሴት። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«እናትሽን አጣሁ። አንቺንም ወስዶ የማላውቀው ቤት ያስገባብኛል ብዬ ፈራሁ። በመድረክ ላይ ስለ እውነት እየሰበክሁ የልጄን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ተሾመች ብትኖር ዓይኔን አታይም ነበር።»

አዛውንቱ አለቀሱ። እሴት አባቷን እያየች መቆጣት እንዳለባት አሰበች፤ ይቅር ማለትም እንዳለባት አሰበች። ሁለቱም ከሩቅ ነበሩ። «ሻይ ላምጣልህ፣ አባዬ?» አለች። ወንጌላዊ ጉርሜሳን ከስድብም ከእርግማንም ይልቅ ይህ ጥያቄ ልባቸውን ሰበረው።

* * *

ብቻዋን ስትሆን ፖስታውን ቀደደችው።

«ለእሴት፣

ሲዲዎቹ ሰባት ናቸው። በቁጥራቸው ተራ ጫኚያቸው፤ አንደኛው ላይ ያለው ከሌለ ሁለተኛው አልጫንም ይልሻል። እዚህ መስመሩ ከጭሮ ይሻላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየሁ አወረድኳቸው። ሌላ የማደርግልሽ ነገር ስላጣሁ ነው። ሦስቱንም ዴስክቶፕ ከነሙሉ ፓኬጃቸው አስቀምጬልሻለሁ። አንድ ቀን ሐሳብሽን ብትቀይሪ መስመር ስትጠብቂ እንዳትውዪ ብዬ ነው።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። አባቴ ያሉትን ታውቂያለሽ። ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም። እኔም ከአንቺ ፈቀቅ አላልኩም። እምነትሽን ተዪ አልልሽም፤ አንቺም ተው እንደማትይኝ አውቃለሁ። እንዴት አድርገን እንደምንኖር ገና አልገባኝም። ብቻዬን ሆኜ ከሚገባኝ ከአንቺ ጋር ሆኜ ባይገባኝ ይሻለኛል።

ስንለያይ መልካም መንገድ ብቻ አልሽኝ። ፊትሽን አየሁት። ሐዘን ይሁን እምቢታ መለየት አቃተኝ። እኔ አልገምትልሽም፤ አንቺው ንገሪኝ። ጅማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ መልስ ስጥ ብለውኛል። ከፈለግሽኝ ከዚያ በፊት ከታች ባለው ስልክ ደውዪልኝ፤ ጅማን ትቼ መጥቼ አባትሽን ራሴ እጠይቃለሁ። ካልደወልሽ እንዳልፈለግሽኝ ቆጥሬ እሄዳለሁ። አልቀየምሽም።

ሞገስ»

ሚያዝያ ሠላሳ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

እሴት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ተሻግራ ስልኩን አነሳች። ሦስት ጊዜ ሞክራ ገባላት። ያነሳው ሞገስ አልነበረም፤ አምባው የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው።

«ሞገስ የለም። ዕቃውን እያሰናዳ ነው። ነገ ጠዋት በአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሄዳል፣ ከዚያ ጅማ። ማን ልበለው?»

እሴት የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ሄሎ? ከጭሮ ነው አይደል የሚደወለው? ነገ እኮ በእናንተው በኩል ነው የሚያልፈው። ለምሳ እዚያ ይቆማሉ። መልእክት ካለ ልንገረው?»

አፏ ላይ ብዙ ቃል መጣ። አንዱም ድምፅ አልሆነላትም። «አይ፣ ግድ የለም» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። በውስጧ ባለው ባዶ ቤት የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን ገና ስም አልነበረውም።

* * *

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከገለምሶ ደረሱ። ትልቁ አቶ ቶሌሳ ይባላሉ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እንደ ደንቡ ልጅቷ አትገኝም፤ ጉዳዩ በአባትና በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። አቶ ቶሌሳ «የመጣንበትን ጉዳይ...» ብለው ገና ሲጀምሩ እሴት ከጓዳ ወጥታ መሃል ላይ ቆመች።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ ከመናገራችሁ በፊት የምናገረው አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አባዬ ሲጠይቀኝ እሺ ብዬ ነበር። ያልኩት አስቤበት አይደለም። ያኔ ምንም ነገር ብጠየቅ እሺ ነበር የምለው። ጂሬኛ ጥሩ ሰው ነው ይሉኛል፤ አምናለሁ። ጥሩ ሰው ቤት ደግሞ ልቧ ያልመጣ ሴት ልትገባ አይገባም። ስለዚህ አይሆንም። አድክሜያችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አቶ ቶሌሳ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ሌላ ሰው አለ?»

«አለ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የአሰቦቱ ቄስ እንዳሻው ልጅ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወንጌላዊ፣ ይህንን እያወቁ ነው የቀጠሩን?» ብለው ፊታቸውን ወደ አባቷ አዞሩ። እሴት አባቷ ምን እንደሚሉ አላወቀችም። ዝም ቢሉም አትፈርድባቸውም ነበር።

ወንጌላዊ ጉርሜሳ ከወንበራቸው ተነሱ። «እያወቅሁ ነው» አሉ። «ልጁ የጻፈላትን ደብዳቤ ስለደበቅሁባት፣ የተረሳች መስሏት ነው እሺ ያለችው። ያታለልኳት እኔ ነኝ፤ እናንተንም ጂሬኛንም ያታለልኩት እኔ ነኝ። በእሷ አትፍረዱባት። በእኔ የምትሉትን በሉ፤ ጉባኤ ፊትም ብትጠሩኝ እመጣለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ሲመክሩና ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፣ ከእንግዶቻቸው ፊት እንደ ተከሳሽ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አቶ ቶሌሳ በትራቸውን አንስተው፣ «ለጂሬኛ እኛ እንነግረዋለን። ከጋብቻ በኋላ ከምንሰማው ዛሬ መስማታችን ይሻላል» አሉና የእሴትን ራስ ዳሰስ አድርገው ወጡ።

እሴት ነጠላዋን አነሳች። በሩ ላይ ዘወር ብላ አባቷን አየቻቸው። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷ ፊት ምን ያህል እንደከሳ አየች፤ ማየቷም ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

* * *

የተሳፈረችበት ባጃጅ አውራ ጎዳናው ላይ ሲያወርዳት አውቶቡሱ ቆሟል። መንገደኞቹ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ተደርድረው ይበላሉ። ሞገስ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከፊቱ ያልተነካ ሻይ አለ። ሲያያት ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ያስታወሰ ይመስል ጠፋ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት መሬቱን እያየ።

«በምኑ?»

«አብዱላሂ ነግሮኛል። ዛሬ ከገለምሶ ሽማግሌ ይመጣል አለኝ።»

«መጥተው ነበር።»

«እና?»

«ሄዱ።»

ሞገስ ቀና አለ።

«ደብዳቤህ ትናንት ነው የደረሰኝ» አለች፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። «አባዬ ጋ ነበር። ሲዲዎቹን ብቻ ነው የሰጠኝ። አንድ ቃል ጽፈህ ከሆነ ብዬ ሰባቱንም ፈልጌባቸዋለሁ። የሁሉንም ፓኬጅ ስም አንብቤያለሁ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

ሞገስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ፤ መንገደኞቹ እጃቸውን እየተጣጠቡ መነሳት ጀመሩ።

«እሴት፣ ፊትሽን እያየሁ ነው» አላት። «ያኔም አይቼዋለሁ። ዛሬም ምንም አይነግረኝም። እዚህ ድረስ የመጣሽው ልትነግሪኝ ነው ወይስ ልትሰናበቺኝ? አንዱን በዪኝ። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። አትሂድ ካልሽኝ የመጣው ይምጣ። ግን አንቺ በዪው። እኔ ልገምት አልችልም።»

እሴት አትሂድ ልትል አፏን ከፈተች።

«እናቴ ሞተች» አለች።

ሞገስ ግራ ተጋባ። «አውቃለሁ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ እኮ።»

«አንተ ነበርክ። ድንኳን ስትተክል አይቼሃለሁ። እኔ ግን አልነበርኩም። ወንበር ሳቀብል ነበር።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ሞገስ፣ እናቴ ሞተች። የምትዘምርበት ወንበር ባዶ ነው። አንተም ሄድክ። እኔም ሁሉንም እሺ፣ እሺ፣ እሺ...»

ቃሉ ተቆረጠ። እሴት በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና፣ ያላለቀሰችውን ሰባት ወር አለቀሰች። ከአንጀቷ ነበር የምታለቅሰው፤ የሚበላው ሰው መብላቱን አቆመ፤ አንዲት እናት ከአውቶቡሱ መስኮት አብረዋት አለቀሱ። ሞገስ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቆመ። ሲቃው ረገብ ሲል ያ አስቸጋሪው ቃል በራሱ ጊዜ ወጣ፤ ሲወጣም ቀላል ነበር።

«አትሂድ።»

«ምን አልሽ?»

«አትሂድ አልኩህ። ከአንተ ጋር መሆን እፈልጋለሁ። ማንም አልመረጠልኝም። እኔ ነኝ።»

ሞገስ እንባው ወረደ። ሹፌሩ ሊቆጣ መጥቶ ሁለቱን ሲያይ ቁጣውን ዋጠው። «ወንድሜ፣ ሻንጣህ የቱ ነው?» ብቻ ብሎ ጠየቀው። ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሸራውን ፈትቶ፣ ቡናማዋን ሻንጣ አወረደለት። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ያቺ ያለቀሱት እናት በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙላቸው። እሴት የማታውቃቸውን ሴት እያየች፣ ያበጠ ዓይኗን እየጠረገች፣ ውስጧ የቆሰለ ያህል ሲያማት ተሰማት። ሕመሙ የእሷ ነበር፤ ማንም አልሰጣትም።

* * *

ወንጌላዊ ጉርሜሳ አሁንም ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ክፍል አልተነሱም ነበር። ልጃቸውንና ከኋላዋ ሻንጣ የያዘውን ሰው በበሩ ሲያዩ ተነስተው ቆሙ።

«በደል አለብኝ» አሉት።

«ነግራኛለች፣ ወንጌላዊ።» ሞገስ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው። «እኔም በሰው እጅ ከምልክ ራሴ መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለው የወይዘሮ ተሾመች ፎቶግራፍ ሁለቱንም ያያል።

«ምሳ በልተሃል?» አሉ ወንጌላዊ።

«አልበላሁም።»

«ግባ እንጂ ታዲያ። ሻንጣውን እዚያ አስቀምጠው።»

እሴት ወጥ ልታሞቅ ጓዳ ገባች። የሁለቱ ድምፅ በመጋረጃው ያልፋል።

«አባትህ ጋ እሄዳለሁ» ይላሉ አባቷ። «ማክሰኞ አሰቦት እወርዳለሁ። እንደ አባት ለአባት እናገራቸዋለሁ።»

«ላያስገቡዎት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ። ደጅ ላይ እቀመጣለሁ። እኔም ካጠፋሁት ይህ አይበዛብኝም።»

«እኔንም ላያስገቡኝ ይችላሉ፤ ለሁልጊዜውም ቢሆን» አለ ሞገስ።

እሴት ማማሰያውን ይዛ ቆመች። የማያውቋት ቄስ ፊት፣ የአጥቢያው ሰው ጥያቄ፣ የገበያው ሹክሹክታ፣ የጅማው ሥራ መቅረት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ፈራች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ እስኪመታ ፈራች። እሳቱን ቀነሰችና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የምትወዳቸውን ሁለት ድምፆች እያዳመጠች፣ ፍርሃቱ እንዳያልፍባት እንደምትሳሳለት ነገር ደረቷ ላይ ይዛው ቆየች።